የሜዳው ጉብታ

ሜዳው መሃል ላይ ጉብታ ነበረው። ትልቅ ጉብታ አይደለም፤ ከመሃል ተነስቶ ወደ አራቱም ዳር ቀስ እያለ የሚወርድ፣ ሲሮጡበት እንጂ ሲያዩት ብዙም የማያስታውቅ። ግን አንዱ በረኛ ጎሉ ውስጥ ቆሞ የወዲያኛውን በረኛ ሲያይ ከጉልበት በታች አይታየውም ነበር። እንግዳ ቡድን በመጣ ቁጥር ታዲያ ሳቅ ነው። «በረኛችሁ እግር አለው ወይስ እንዲሁ ተክላችሁት ነው?» ይላሉ። የሰፈሩ ልጆችም መልስ አያጡም፤ «እግሩን ስትሸነፉ እናሳያችኋለን» ይሏቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት እነማን እንደነበሩ እኔ ባልናገር ይሻላል።

ሰፈሩ የግንበኛ ሰፈር ነው። ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ ቀለም ቀቢው፣ ልስን የሚለስነው ሁሉ እዚያ ነው የሚኖረው። ቡድኑም የእነሱ ነው። ደሞዝ የለ፣ ጥቅም የለ፤ ሥራ ውለው፣ ፀጉራቸው ላይ ሲሚንቶው እንደነጣ ማሊያ አጥልቀው ይገባሉ። የተጣላ ጎረቤት እንኳ ጎል ሲገባ ሳያስበው ይተቃቀፋል፤ ኋላ ትዝ ሲለው ነው የሚኮራረፈው። እንዲያ ያለ ቡድን ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ለቡድኑ የሚንሰፈሰፈው ጋሽ ቱንቢ ነው። ሙያው ወለል ነው፤ በወለል የሚስተካከለው የለም። ቱንቢ ያሉት ያቺ በክር የምትንጠለጠል የግንበኛ ብረት፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይባት፣ ከኮቱ ኪስ ስለማትጠፋ ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ሐዘንተኛውን ሳይሆን ግድግዳውን ነው ይሉታል። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ሲደረደሩ፣ «ከኋላችሁ ያለው ዓምድ ዘሟል፤ ወደዚህ ብትጠጉ» ብሎ የሙሽሪትን አባት አስቀይሟል። ሰውዬው እስከ ዛሬ አያናግረውም። ዓምዱ ግን እውነትም ዘሞ ነበር።

ሰው ሲያየው ለኳስ ያበደ ይመስለዋል። ለኳስ ደንታም የለው። ምክንያቱ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ሰፈሩ «ካፒቴኑ» የሚለው። ቡድኑን በወጣትነታቸው ከመሠረቱት ውስጥ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ቱንቢንም ያሳደገው እሱ ነው። አባታቸው ሲሞት ትንሹ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ትልቁ ድንጋይ ተሸክሞ አሳደገው፣ ሙያ አስተማረው፣ ዳረው። ለጋሽ ቱንቢ ወንድም ብቻ አይደለም፤ አባትም እናትም ነው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ካፒቴኑ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ ምላሱንም ወሰደው። የቀረችው አንዲት ድምፅ ናት፤ «እእ» የምትል። ሌላው ሰው ያቺን ድምፅ ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ ሚስቱ ግን ትለያታለች። አጠር ስትል ውሃ ነው። ጎተት ስትል አገላብጡኝ ነው። በአፍንጫ ስትወጣ ደግሞ እንግዳው ይሂድልኝ ነው፤ ይህቺን ለእንግዳ አትተረጉምም።

አልጋው መስኮት ሥር ነው፣ መስኮቱ ወደ ሜዳው ነው። ግጥሚያ ባለ ቀን ትራስ ደራርባ ቀና ታደርገዋለች፤ ያን ቀን ይበላል፣ ፊቱ ይፈካል። ግጥሚያ በሌለበት ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ማንኪያ አይቀበልም። ሐኪሙ ራሱ፣ «የእኔ መድኃኒት ይቆይ፤ ኳሱን ብቻ እንዳታስቀሩበት» ብሏል። ስለዚህ ጋሽ ቱንቢ ልብ ውስጥ ሁለቱ ነገር አንድ ነበር፤ ቡድኑ ከፈረሰ ወንድሜ አይሰነብትም ይል ነበር።

ነገሩ የመጣው በውድድሩ ማብቂያ ላይ ነው። አንድ እንግዳ ተጫዋች ማዕዘን ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ከፌዴሬሽኑ ሦስት ሰዎች መጡ፤ አለቃቸው ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሜዳውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ይህ ሜዳ ሰው ይጎዳል። አዲሱ ውድድር ሳይጀመር ተመልሰን እናየዋለን። ካልሠራችሁት ከሊጉ ትወጣላችሁ» አለ። ከሊጉ መውጣት ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የአካባቢው አስተዳደር መሬቱን ለጭነት መኪና ማቆሚያ ከፈለገው ቆይቷል፤ እስካሁን የያዘው «ክለብ አለበት» የምትለው ቃል ብቻ ናት።

ስብሰባው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተደረገ። የክለቡ ሊቀመንበር እሱ ነው፤ ሊቀመንበር ያደረጉት ወንበር ስላለው ነው ይባላል። እሱም ሰው እየላጨ፣ «እንግዲህ ጉድጓዶቹን እንድፈን፣ አለቀ ደቀቀ» አለ።

ወይ ነዶ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ጋሽ ቱንቢ ብድግ አለ። «ጉድጓድ መድፈን?» አለ። «የከተማውን ወለል ሁሉ ያነጠፍን ሰዎች የራሳችንን ሜዳ እንደ ተቀደደ ሱሪ ጣፍ ጣፍ አድርገን እንለፍ? ስንት ዘመን ነው በዚህ ጉብታ የተሳቀብን? ጉብታውን አንስተን እንደ መስተዋት እናደርገዋለን። ያን ጊዜ ምን እንደሚሉን አያለሁ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የቡድኑ አምበል፣ ልስን ሠሪው ግራኙ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ከወንበሩ ተነስቶ ጋሽ ቱንቢን አቀፈው። የሳሙናው አረፋ የኮቱ ትከሻ ላይ ቀረ። ማን ይቃወማል? ግንበኛ መሃል ቆሞ ቀጥ ያለ ነገር የሚጠላ የለም።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ዶማ ያለው ዶማ፣ አካፋ ያለው አካፋ፣ ባሬላ ያለው ባሬላ። ሴቶቹ ሻይና ውሃ አመላለሱ። የገልባጭ መኪና ሹፌሩ በእረፍት ቀኑ መኪናውን ይዞ መጣ። ግራኙ ከሚሠራበት ኮንትራክተር አፈር የሚጠቀጥቅ ሩሎ ለምኖ አመጣ። ጋሽ ቱንቢ ችካል አስተከለ፣ ሲባጎ ወጠረ፣ ውሃ በሞላው ቀጭን የጎማ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ልክ ያዘ። የመጀመሪያውን ዶማ ጉብታው አናት ላይ ያሳረፈው እሱ ራሱ ነው።

ያኔ ነው ከመስኮቱ ድምፁ የመጣው።

ረጅም ነበር፣ ይደጋገም ነበር። ጋሽ ቱንቢ ዶማውን ጥሎ ሮጠ። ሲገባ ካፒቴኑ ከትራሱ ተንሸራቶ፣ በደህናው እጁ ፍራሹን ይመታል፤ እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል።

«አየሽ እትዬ» አላት የወንድሙን ሚስት፣ «ደስታው እኮ ነው። በስተርጅና ሜዳው ሲታደስ ሊያይ።»

እሷ ባሏን ቀና ልታደርግ እየታገለች ነበር። «ይህ የደስታው አይደለም» አለች። «እንቢ ሲል ነው እንዲህ የሚለው። መርፌ ሊወጉት ሲመጡ እንዲህ ነው።»

«እትዬ ደግሞ። እኔ ወንድሜን አላውቀውም?»

«ታውቀዋለህ። ድምፁን ግን ቀን ከሌት የምሰማው እኔ ነኝ። እንቢ ነው የሚልህ።»

ጋሽ ቱንቢ ሳቀ። ንቆ አይደለም፤ ደስታ ነው ያሳቀው፣ ደስታ ደግሞ ጆሮ ይደፍናል። ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ግንባር ሳመ። «ጋሼ፣ አይዞህ። እንደ መስተዋት ነው የማደርግልህ» አለው። ካፒቴኑ ዓይኑን ከዓይኑ አልነቀለም። እንደገና «እእ» አለ፤ ጎትቶ፣ ከሆዱ። ጋሽ ቱንቢ ግን በመስኮቱ የሩሎውን መነሳት ሰምቶ ነበርና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲጀመር ድምፁ ይመጣል። ሰዎቹም ቀና ብለው ወደ መስኮቱ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። «ካፒቴናችን እየደገፈን ነው» ይላል ግራኙ፣ ያጨበጭባል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል። እሱ «እእ» ባለ ቁጥር እነሱ በጭብጨባ ዶማውን ያወርዱታል። ሰው እያለቀሰ አቁሙ ሲል፣ የሚወዳቸው ሰዎች እያጨበጨቡ ሲቀጥሉ፣ ከዚህ የከፋ ብቸኝነት ካለ አላውቅም። በኋላ ድምፁ ቆመ። ደክሞት ነው አሉ።

ሜዳው አለቀ። እውነቱን ለመናገር ውብ ነበር። አንድ ጠጠር የማይገኝበት፣ ተጠቅጥቆ እንደ ሳሎን ወለል የጠነከረ። ጋሽ ቱንቢ ረጅሙን ውሃ ልክ አምጥቶ በየቦታው አስቀምጦ እያስጎነበሰ ሰው ሁሉ እንዲያይ አደረገ፤ የውሃዋ አረፋ መሃል ላይ ቆማ ነቅነቅ አትልም። ለሙከራ ሲጫወቱ ኳሱ በተመታበት መስመር ዝም ብሎ ሄደ። በረኞቹ የየራሳቸውን ቦታ ይዘው ተያዩ። «እግር አለህ ለካ» አለ አንዱ፤ ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሽ ቱንቢም ሳቀ። ከዚያ በኋላ እንዲያ ሲስቅ ያየው ሰው የለም።

ተቆጣጣሪዎቹ ሊመጡ ሲሉ፣ በዋዜማው፣ ጋሽ ቱንቢ አንዲት ሴትዮ ቤት የመታጠቢያ ክፍል ሴራሚክ እያነጠፈ ነበር። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ጋሽ ቱንቢ፣ ወለሉ ወደ ጥጉ ያዘመመ አልመሰለህም?» አለችው።

እሱም ለመናገር ምክንያት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ «አዎ፣ አዘምሜዋለሁ» አላት። «ቀጥ ካለ እኮ ውሃው ይተኛበታል እመቤቴ። ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። ለውሃ ተዳፋት ያልሰጠ ግንበኛ ግንበኛ አይባልም።» ባልዲውን አንስቶ ደፋው። ውሃው እየተንኳለለ ወደ ጥጉ ሄዶ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። «ይኸው» አለ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከላይ ጣሪያው ላይ የዝናቡን የመጀመሪያ ጠብታዎች ሰማ። ቆርቆሮው ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ዶፍ ሆነ።

ሴትዮዋ ኋላ ስታወራ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ፣ አመመህ ወይ ብለው አልሰማኝም አለች። ባልዲውን እንደያዘ ወጣ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ባዶ ባልዲ ይዞ በአስፋልት ላይ ሲሮጥ ያዩት ሰዎች አብዷል ብለው መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ጥርት ብሎ አስቦ አያውቅም። ለጣሪያ ተዳፋት ሰጥቷል፤ ለበረንዳ ሰጥቷል፤ ለሰው ሽንት ቤት እንኳ ሰጥቷል። የወንድሙን ሜዳ ግን ውሃ እንዲተኛበት አድርጎ፣ ጠቅጥቆ፣ አለስልሶ ሠራው። ሜዳው ደግሞ ከሥሩ ዋልካ ነው፤ ዋልካ ሲጠቀጠቅ እንደ ድስት ውሃ ይይዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሲደርስ ሜዳው አልነበረም። ሐይቅ ነበር። ሰፈሩ ባልዲም ድስትም ይዞ ወጥቶ ይጨልፋል። ግራኙ ዳር ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ ቦዩ ሞላ፣ ውሃው ግን ወዴትም አልሄደም። ሁሉ ቦታ እኩል ነውና ውሃው የሚመርጠው ጎን አጣ። ጋሽ ቱንቢ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገብቶ በባልዲው ጨለፈ። እስኪመሽ ጨለፉ፤ ዝናቡም አላባራም።

ጠዋት ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጣች። ሦስቱ ሰዎች ዳር ላይ ቆሙ። ሰማዩ ከነደመናው ሜዳው ላይ ቁጭ ብሏል። አለቃቸው ኳስ ተቀብሎ ወረወረ፤ ኳሱ ወደቀና ተንሳፈፈ።

«ይደርቃል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጥቂት ቀን ብቻ ታገሱን።»

«ይደርቃል፣ አውቃለሁ» አለ ረጅሙ ሰው። «በሚቀጥለው ዝናብስ? ውድድሩ የሚጀመረው ዝናቡ ሲበረታ አይደለም እንዴ?» ደግሞም፣ ጉዳት ለመጨመር አስቦ ሳይሆን እሱም አዝኖ፣ «ጉብታው እኮ አላስቸገረንም ነበር» አለ። «ያስቸገሩን ጉድጓዶቹ ናቸው። ጉብታውን ማን ንኩ አላችሁ?»

ማንም ዞር ብሎ ጋሽ ቱንቢን አላየውም። አለማየታቸው ከማየት ይብስ ነበር።

ያን ቀን ወደ ወንድሙ ቤት እስከ በሩ ድረስ ሄደ። የወንድሙ ሚስት ደጃፉ ላይ ውሃ ትጠርጋለች። ሳያናግራት ሊመለስ ሲል፣ «አሁን ነው ትዝ ያለኝ» አለችው፣ ለእሱም ለራሷም በሚመስል ድምፅ። «ስንጋባ ሰሞን፣ አንተ ገና ሕፃን ሳለህ፣ ትከሻው ቆስሎ ነበር የሚገባው። ከጓደኞቹ ጋር አፈር በጆንያ እየተሸከሙ ሜዳው መሃል ይደፉ ነበር። ምን ታደርጋላችሁ ስለው፣ ውሃው እንዲወርድ ነው ይለኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ አዲስ ሙሽራ፤ እኔ ስለ ሜዳ ምን አውቃለሁ? ረስቼዋለሁ። ትላንት ውሃውን ሳይ ነው የመጣልኝ።» መጥረጊያውን አቆመች። «እሱ ግን አልረሳም።»

ጋሽ ቱንቢ አልገባም። እንዴት ይግባ? ሰው የገደለ ሰው ለቅሶ ቤት በምን እግሩ ይገባል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባሳጥረው ይሻላል። ቡድኑ ከሊጉ ወጣ። መሬቱ ለመኪና ማቆሚያ ተሰጠ፤ አስተዳደሩ ሲረከበው፣ «ተስተካክሎ ነው የጠበቀን፣ ሥራ ቀለለልን» አሉ አሉ። ጠጠር ደፉበት፣ ጎሎቹን ነቀሉ። ግራኙን ሌላ ሰፈር ያለ ቡድን ወሰደው፤ ሊሰናበት መጥቶ የካፒቴኑን ደህና እጅ ስሞ ሄደ። በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ መቀሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

ጋሽ ቱንቢ ሥራ አቆመ። «ጉልበቴን አሞኛል» ይላል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ሚስቱ የምታቀርብለትን አንድ ጊዜ ጎርሶ ይገፋል። ልብሱ ላዩ ላይ ሰፋ። ሰው ሊያጽናናው ይመጣል፤ «ሁላችንም ነን የቆፈርነው» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ግን «እንቢ ነው የሚልህ» የተባለው እሱ ብቻ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

በመጨረሻ እሷ ራሷ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ «ና» አለችው።

«በምን ዓይኔ ነው የማየው እትዬ?»

«እሱ ግን በዓይኑ በሩን ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ይላል፣ አንተ አለመሆንህን ሲያይ ይተኛል። ከስቷል። ዛሬ ካልመጣህ ነገ መጥተህ የምታገኘውን እንጃ።»

ተነስቶ ተከተላት። ከመስኮቱ ውጪ አሁን የሚታየው የመኪና ጎማ ብቻ ነው። አንዱ መኪና ሞተሩን አስነስቶ መስታወቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የናፍጣው ሽታ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። ካፒቴኑ እንደ ልጅ አንሷል፤ ጉንጩ ገብቶ አጥንቱ ወጥቷል። ጋሽ ቱንቢ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ፣ ደህናውን እጅ ያዘ፣ ግንባሩን እላዩ ላይ ደፋ።

«ጋሼ» አለ። «እንቢ ብለኸኝ ነበር። ነግራኝም ነበር። እኔ ነኝ የሰማሁትን ያልሰማሁት። በትከሻህ ተሸክመህ የሠራኸውን አፈረስኩብህ። ስደበኝ። እባክህ በምታውቀው ስደበኝ፣ ርገመኝ፣ ብቻ ዝም አትበለኝ።»

መኪናው ሄደ። ካፒቴኑ ወንድሙን አየው፤ ፊቱን፣ የሰፋበትን የኮት አንገት፣ የቀጠነውን ክንዱን፣ እንደገና ፊቱን። ከዚያ «እእ» አለ። አጭር ነበረች፣ መጨረሻዋ ላይ ከፍ የምትል። ጋሽ ቱንቢ እንዲህ ያለችውን ሰምቶ አያውቅም።

ይቺን ግን ለራሱ ሊተረጉማት አልደፈረም። ወደ ወንድሙ ሚስት ዞረ። «ምን አለ እትዬ?»

እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«በልተሃል ወይ ነው የሚልህ» አለችው። መልሱንም ሳትጠብቅ ለሁለቱም ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።